ማክሰኞ የጾሙት እንግዶች

ሰሞኑን ከላይኛው ፎቅ የሰናፍጭ ፍሬ በጋለ ዘይት ሲንጣጣ ይሰማኛል፤ ወዲያው ደግሞ ሽታው ይከተላል። አዲስ የገቡ ሕንዶች ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን አጋጥመው ሰላም የሚሉ ጨዋ ልጆች። እዚህ ጀርመን አገር፣ ቦናመስ፣ ቤን ጉሪዮን ሪንግ በሚባለው የፎቆች መንደር፣ የጎረቤት ወጥ ሳይጋበዝ ነው ቤት የሚገባው። እኔ እንግዲህ መነጽሬን አናቴ ላይ ሰክቼ መነጽሬን የምፈልግ ሴት ሆኛለሁ፤ ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል። ያ ሽታ ሲመጣ ግን ሱኒታ በሬ ላይ የቆመች ይመስለኛል። መጀመሪያ ሰናፍጩ፣ ከዚያ ከሙኑ፣ ከዚያ ደግሞ እሷ ቆንጥራ የምትጨምረው፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሙጫ ነገር ነበር፤ ስሙን ስንት ጊዜ ነግራኛለች፣ አልያዝኩትም። ከእኛ ሁለት በር አልፋ ነበር የምትኖረው።

ያ ዘመን ኦይሮው፣ ማለት ዩሮው፣ ካረጀ በኋላ እንኳ ሰው በልቡ በማርክ እያሰላ የሚያማርርበት ዘመን ነው። ዶነር የሚሉት በዳቦ የታጠፈ ሥጋ ሁለት ኦይሮ ተኩል ነበር፤ እሱንም «እሳት ሆነ» እንል ነበር። አገር ቤት የምንደውለው ከኪዮስክ ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን ነው፤ «ሰላም ናችሁ?» ተባብለን ሳንጨርስ ይቋረጣል። ልጃገረዶቹ ሱሪያቸውን ከወገባቸው ዝቅ አድርገው፣ ሰፊ ቀበቶ ታጥቀው፣ ፀጉራቸውን በካውያ እስኪጨስ ይተኩሱ ነበር። ትራም ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ተጣጣፊ ስልኩን ከፍቶ ዘፈኑን ለሕዝብ ያሰማል፤ አንዱ የቱርክ፣ አንዱ የአረብ፣ አንዱ የጀርመን ራፕ፣ ጆሯችን የማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባው ነበር። ኦስትኤንድ የሚባለው ሰፈር ዛሬ መስታወት በመስታወት ሆኖ ሲያዩት ያስፈራል። ያኔ ትልቁ ባንክ ገና አልመጣም፤ አሮጌው የአትክልት ገበያ አዳራሽ ጭር ብሎ ቆሞ፣ በዙሪያው የርግብ ኩስና ነፋስ ብቻ ነበር። እኛ የምናጸዳው ቢሮ እዚያው አጠገብ ነው። የደንብ ልብሳችን ግራጫ ሽርጥና ግራጫ ሻሽ ሲሆን ማንንም የማያሳምር፣ ማንንም ከማንም የማይለይ ነበር።

አለቃችን፣ ጀርመኖቹ ፎርአርባይተር የሚሉት፣ ጋሽ ኢድሪስ ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ከእኔ ይሻላል፣ ትምህርታቸው በአማርኛ ነዋ። በመጀመሪያው ቀን ቁልፍ ሲያድሉን ጠየቁኝ።

«ዘይነብ፣ ከወሎ የት ነው አገርሽ?»

«ደሴ ነኝ፣ ጋሽ ኢድሪስ።»

«ደሴ የት?»

«አንቱ ደግሞ ደሴን የት ያውቋታል?»

«ሹፌር ነበርኩ እኮ! ከአሰብ ጭኜ ስንቴ አድሬባታለሁ።»

«ፒያሳ አካባቢ» ብዬ ጓንቴን ማጥለቅ ጀመርኩ። ሰውየው ለጨዋታ ነው የጠየቁት፣ ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «የት?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ደሴን የማውቃት በገበያ ቀን ነው። የተወለድኩት ከከተማው ወረድ ብሎ ካለች፣ ሰው የጠይቦች መንደር ከሚላት ቦታ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ። አገሩ በሙሉ በእኛ ማረሻ እያረሰ፣ በእኛ ድስት እየበላ፣ ልጁ ሲታመም ግን «ጠይቧ በልታዋለች» ይለናል። እናቴ እንስራዋን ለገዢ በእጇ አትሰጥም፤ መሬት ታስቀምጠዋለች፣ እሱ ያነሳዋል። እሱም ገንዘቡን በእጇ አያስቀምጥም፣ ይጥልላታል። ሰርግ ከተጠራን ከድንኳኑ ውጪ ነው፣ በተለየ ገበታ። እኛ ደግሞ እስላሞች ነን፣ በአላህ ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው እያልን ያደግን። ሶላት ላይ ትከሻ ለትከሻ እንገጥማለን፤ ማዕድ ሲመጣ የትከሻው ባለቤት ዞር ይላል። አላህ ይህን አላዘዘም፤ ሰው ነው የጨመረው፣ የሰው ጭማሪ ደግሞ ከአላህ ትእዛዝ ይበልጥ ይጠበቃል። አንድ ጊዜ ይህን ለልጄ ለሰሚራ ልነግራት ብሞክር፣ «ኢስት ዶህ ኤጋል፣ ማማ» አለችኝ፤ ምን ለውጥ ያመጣል ማለቷ ነው። ለእሷ እውነት ለውጥ የለውም፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግን ሳልጨርስ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃዋን ሰካች።

ሱኒታን ያወቅኳት በእጇ ነው። ያን ቀን ሁሉም ሰው ቁልፉን ከጋሽ ኢድሪስ እጅ መንጭቆ ይወስዳል። ይቺ ቀጭን ሕንድ ግን ሁለት መዳፏን አገጣጥማ ከእሳቸው እጅ ዝቅ አድርጋ ዘረጋች፣ ቁልፉ እንዲወድቅላት። እሳቸው ልብ አላሉም። እኔ ግን ወላሂ ዓይኔን ከእጇ አልነቀልኩም። የእናቴ እጅ ነው እንጂ የማን ነው ይሄ! እንዲህ የሚቀበል ሰው፣ ሲነካ የሰው ፊት እንዴት እንደሚጨማደድ አይቶ ያደገ ሰው ነው። ምንም አልጠየቅኳትም። ለብዙ ጊዜ የተጫወትነው ስለ ልጆች፣ ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ቅናሽ ዱቄት ብቻ ነው። ባሏ እዚሁ ከተማ የምግብ ቤት ማድቤት ሲሠራ ኖሮ ሞቷል። ሬካ የምትባል አንድ ሴት ልጅ አለቻት፤ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እኔን ዲዲ ትለኛለች፣ በእነሱ አፍ ታላቅ እህት እንደማለት ነው። በሚስማማን ስብርባሪ ጀርመንኛ ነው የምናወራው፤ ጎበዝ አስተማሪ ቢሰማን ሥራውን ይለቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፌኸንሃይም ወዳለው ቤተ መቅደሳቸው ወሰደችኝ። ቤተ መቅደስ ሲባል ጉልላት የጠበቀ ሰው ያፍራል፤ ከጎማ መጋዘን በላይ የተከራዩት አዳራሽ ነው፣ ጫማ አውልቆ በብረት ደረጃ የሚወጣበት። ውስጡ ግን ሞቅ ያለ ነበር፤ ቢጫ አበባ፣ ደወል፣ አማልክታቸው እንደ ሙሽራ ለብሰው፣ ሕፃናት እየተሯሯጡ። ካህኑ ለእኔም ጣፋጩን ሰጠኝ። ሱኒታ አምላኳን የምትወድ ሴት ናት፤ ጾሟን አትሰብር፣ ጸሎቷን አታጓድል። ግን ከበሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ አልራቀችም። «ወደፊት ሂጂ እንጂ» ብላት ራሷን ነቀነቀች። ማንም አልከለከላትም፤ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። ስንመለስ ትራም ውስጥ፣ አሁን ካልጠየቅኳት መቼም አልጠይቃት ብዬ፣ ስለ እናቴ እንስራ ነገርኳት። መጀመሪያ በመስኮት ወደ ውጪ ታይ ነበር። ከዚያ ዞር ብላ የእሷን ነገረችኝ።

እናቷ የሰው ሽንት ቤት በእጇ እያጸዳች፣ ቅርጫቱን በራሷ ተሸክማ የምታወጣ ሴት ነበረች። አያቷም እንዲሁ፣ የአያቷም እናት። ሌላ ሥራ ቢያምራቸው የሚሰጣቸው የለም፤ በዚህ ዘር የተወለደ መጥረጊያውንም አብሮ ይወርሳል። ሻይ ቤት ለእነሱ የሚቀመጥ የተለየ ብርጭቆ አለ፣ ራሳቸው አጥበው የሚመልሱት። ከባሏ ጋር ወደዚህ ሲመጡ ዘራቸውን የሚናገረውን የቤተሰብ ስም ጥለው፣ ምንም የማይናገር ስም ያዙ። ከየት ነሽ ሲሏት ትልቁን ከተማ ትጠራለች። «አንቺ ደሴ እንደምትዪው» አለችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቃችን ግን እንባ ነበረበት። «ታዲያ እዚህም መጥረጊያ ነው የያዝሽው» አልኳት ለማፌዝ ያህል። «እዚህ ሥራ ነው፣ ዲዲ። ስጨርስ ልብሴን ቀይሬ ቤቴ እገባለሁ። እዚያ ልብሱ አይወልቅም።»

ሬካ ትምህርቷን ጨርሳ መልካም ሥራ ያዘች። ቪካስ የሚባል ልጅም ያዘች፤ ረጅም፣ ትሑት፣ ሳቂታ። አባቱ መሐንዲስ፣ ዘራቸው ከላይኞቹ ከላይ። ሱኒታ ይህን ስትሰማ ለሳምንት እንቅልፍ አጣች። እሷ በሕይወቷ ለራሷ ምንም የጠየቀች ሴት አይደለችም፤ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሬካ «የማን ልጅ ነሽ?» የማትባልበት ቤት እንድትገባ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ተምረዋል፣ ጀርመን አገር ከኖሩ ቆይተዋል፣ ምናልባት ረስተውት ይሆናል ትላለች። እኔም ምናልባት አልኳት። ምናልባት ምን ይሠራል፣ አያስከፍል!

ሊጠይቋት የመጡት ማክሰኞ ላይ በዋለ የበዓል ቀን ነው። ሱኒታ ከዋዜማው ጀምራ ምድጃ ላይ ናት። ሽንብራው፣ ድንቹ፣ አይቡ በስፒናች፣ ሩዙ ቢጫና ነጭ፤ ደረጃው ሁሉ ይሸት ነበር። እኔንም «ከጎኔ ሰው ይኑር» ብላ አስቀመጠችኝ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ። መጡ፤ አባት፣ እናት፣ ቪካስ፣ እና የአባትየው ታላቅ እህት። እቺ አክስት ወፈር ያለች፣ በእጇ ሙሉ ወርቅ ያደረገች፣ ዓይኗ ቤቱን የሚፈትሽ ሴት ነበረች። እንደገቡ ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ፤ አክስትየው ሁለት አነሳች፣ ጣቷንም ላሰች። ጨዋታው ደመቀ፣ ሱኒታ ፊቷ በራ። እኔ ቋንቋቸውን አልሰማም፤ የተባባሉትን በኋላ ሬካ ናት የነገረችኝ።

አክስትየው ከየት ናችሁ አለች። ሱኒታ የለመደችውን ትልቅ ከተማ ጠራች። አክስትየው ደስ አላት፤ የባሏ እህት እዚያ ናት። የትኛው ሰፈር? ሱኒታ ለዚህም ተዘጋጅታ ነበር፤ የደህና ሰዎች ሰፈር ስም አጥንታለች፣ ያንን አለች። «ከቦዩ ወዲህ ነው ከቦዩ ማዶ?» አለቻት። ለቦዩ አልተዘጋጀችም። ምስኪን፣ የገዛ ቤቷን እያሰበች፣ «ማዶ» አለች። ያ ሰፈር ቦዩን አልፎ አይሄድም። ከቦዩ ማዶ የሚኖሩት ጠራጊዎቹ ብቻ ናቸው፤ ከተማውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል።

እኔ ያየሁት አክስትየው ጣቶቿን በሶፍት አንድ በአንድ ስትጠርግ ነው። ሱኒታ ብድግ ብላ ማድቤት ገባችና ትልቁን ትሪ ይዛ ወጣች። አክስትየው ፈገግ ብላ በጀርመንኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ «ውይ፣ ረስቼው! ዛሬ ማክሰኞ አይደል? ማክሰኞ እኮ እንጾማለን» አለች። በእርግጥ ከእነሱ ውስጥ ለአንዱ አምላካቸው ማክሰኞን የሚጾሙ አሉ። ግን የሳምቡሳው ዘይት ገና ከንፈሯ ላይ ነበር። አባትየው፣ «እውነት ነው፣ ጾም ነው» አለ። እናትየው ያነሳችውን ሳህን መልሳ አስቀመጠች። ቪካስ እጁን ወደ ትሪው ዘርግቶ ነበር፤ አባቱን አየ፣ እጁን መለሰ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ ሮመዳንን ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜያለሁ፣ ከምግብ በኋላ የሚጀመር ጾም ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳህን አንስቼ ሞላሁት። ብቻዬን፣ ሁሉም እያዩኝ፣ ከሁሉም ዓይነት በላሁ፤ ደግሜም ወሰድኩ። ጣዕሙ ገብቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ በንዴት ነው የበላሁት። ሱኒታ እንግዶቹን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ ትሪውን እያየች፣ «እጄን ታጥቤ ነበር እኮ፣ ዲዲ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከቁርጥ እምቢታ ይከፋል። የቪካስ እናት ደውላ እንዲህ አለች። ልጅቷ አበባ ናት፣ ምንም አይወጣላትም፤ ልጃችንም ካለሷ አልኖርም ብሏል። ነገር ግን ገና የሚዳሩ ልጆች አሉን፣ ዘመዱ ይጠይቃል። ስለዚህ የልጅቷ እናት ከደህና ወገን እንደነበረችና እንደሞተች እንናገር። ልጅቷንም ያሳደገቻት ያቺ ጎረቤት አፍሪካዊት ናት እንበል። ያን ቀን የነበርነው ከተስማማን ሌላ የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ ነው የተናገረችው አሉ፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ።

ሬካ አለቀሰች፣ ጮኸች፣ አላገባውም አለች። እናቷ ናት ያስገደደቻት። እኔም እዚያው ማድቤት ውስጥ ቆሜ ያለኝን ሁሉ አወረድኩባት።

«እብድ ነሽ? በቁምሽ ሙቺ ሲሉሽ እሺ ትያለሽ?»

«ልጄ ትወደዋለች።»

«እሱስ ይወዳታል? የሚወዳት ቢሆን ያን ቀን አንድ ጉርሻ ይጎርስ ነበር!»

«ወጣት ነው፣ አባቱን ፈራ።»

«ሱኒታ፣ ስሚኝ። ጀርመን አገር ነው ያለሽው። ይቺ ልጅ ማንን ብትፈልግ ታገባለች፣ ማን ያገባኛል ይላል?»

የቂጣ መዳመጫዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ ነው ድምፅዋን ከፍ ስታደርግብኝ የሰማሁት።

«ታዲያ አንቺ ለምን ለጋሽ ኢድሪስ መንደርሽን አትነግሪያቸውም? ጀርመን አገር አይደለሽ?»

ዱቄቱን ከእጇ አራግፋ ረጋ ብላ፣ «ለእኔ አንድ ሞት ነው፤ ለእሷ ግን ልጆቿ ከቦዩ ወዲህ ይወለዳሉ» አለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። የአሳዳጊነቱን ቦታ ግን አልፈልግም ብዬ ነበር፤ እሷ ናት እግሬ ላይ ወድቃ የለመነችኝ፣ «ሌላ ሰው እዚያ ቦታ ከሚቆም አንቺ ቁሚልኝ» ብላ።

ሰርጉ ፌኸንሃይም ነበር፣ ከመጋዘኖቹ መሐል በሚከራይ ትልቅ አዳራሽ። ከለንደን፣ ከዴልሂ፣ ከካናዳ የመጣ ዘመድ። ሴቶቹ የለበሱት ሐር አንዱ ካንዱ ይበልጣል፤ አረንጓዴው በወርቅ ክር፣ ወይን ጠጁ በብር ክር። ድምፅ ማጉያው ደረት ያንቀጠቅጣል። እኔን ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። አሮጊቶች እየመጡ እጄን ይስማሉ፣ ወላጅ አጥ ልጅ ያሳደገች ደግ ሴት ብለው በእጃቸው ያጎርሱኛል። ሳቄ መጣ። በአገሬ ብሆን ከድንኳኑ ውጪ የምበላ የጠይብ ልጅ፣ እዚህ የክብር ወንበር ላይ ነኝ፤ ለእነሱ ዘር ቆጠራ ከመጽሐፋቸው ውጪ ስለሆንኩ። ሱኒታ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። እንደዚያ ነበር የነገረችኝ።

በእነሱ ወግ ሙሽሪት የእናቷን ቤት ስትለቅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሩዝ በእፍኟ እየዘገነች በራሷ ላይ ወደ ኋላ ትበትናለች። ያበላችሁኝን መለስኩ፣ ቤታችሁ ሙሉ ይሁን ማለቷ ነው። እናት ከኋላዋ ቆማ በልብሷ ትቀበላለች። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ክልክል ነው። በሩ ጋ አቆሙኝ፣ ነጠላዬን ዘርግቼ እንድይዝ አሳዩኝ። ሬካ ቀይ ለብሳ ከፊቴ ቆመች። ያኔ ነው በበሩ ጥግ፣ ከተደረደሩት ወንበሮች ኋላ፣ ግራጫ ሽርጥ ያየሁት። ግራጫ ሻሽ፣ ጓንት፣ መጥረጊያ። የአዳራሹ ጽዳት ተረኛ ከእኛው ሠራተኞች አንዷ ነበረች፤ ሱኒታ ናት ፈረቃዋን ለምና የወሰደችው። ዘመድ ሁሉ በአጠገቧ እያለፈ ያገለገለ የወረቀት ሳህን እጇ ላይ ያስቀምጥላት ነበር።

ሬካ የመጀመሪያውን እፍኝ በተነች። እኔ ነጠላዬን ለቀቅሁት። ሩዙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሴቶቹ «ያዢ! ያዢ እንጂ!» ብለው ጮኹ፤ አንዷ «አይፈረድባትም፣ የእኛን ወግ አታውቅ» አለች። ሁለተኛውም እፍኝ ወለል ላይ፣ ሦስተኛውም። ሬካ እንደ ሥርዓቱ ወደ ኋላ ሳታይ ወጣች፤ ከኋላዋ ማን እንደነበረ ታውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ ደፍሬ አልጠየቅኳትም። ሱኒታ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተንበረከከች። ጓንቷን አወለቀች። ሩዙን በባዶ እጇ እየለቀመች ሽርጧ ውስጥ ማድረግ ጀመረች፣ አንድ ፍሬ እንዳይቀር።

አክስትየው ሙሽሮቹን ልትከተል ስትወጣ ሱኒታ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ጎንበስ ብላ ፊቷን አየቻት፤ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን። ከዚያ ቀለበት በሞላው ጣቷ ወደ ጥጉ አመለከተች።

«እዚያም አለ፣ ጠርጊው» አለቻት በጀርመንኛ።

«ያ፣ ዞፎርት» አለች ሱኒታ፣ አሁኑኑ እሺ ማለቷ ነው።

«ማዶ» ከምትል አንዲት ቃል የሱኒታን ዘር ያወቀች ሴት፣ የልጅቷን እናት ፊት አላወቀችውም።